ማስተርስ ልትከፍቱ ነው? መጀመሪያ አማካሪ ቁጠሩ

ጥያቄውን ያነሱት የአንድ አዲስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ናቸው። "በሚቀጥለው ዓመት ሁለት የማስተርስ ፕሮግራም ክፈቱ ተብለናል። አንዱ በዓሣና በውሃ ሀብት ነው። ከየት እንጀምር? ካሪኩለም የሚያጋራን ይኖር ይሆን?" ይላሉ።

እኔ የማስተምረው ባህር ዳር ነው። ካሪኩለም አርቅቄም አውቃለሁ፣ በውጭ ገምጋሚነትም ተጋብዣለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ብዬ ልመልስ።

ካሪኩለሙ አያስጨንቃችሁ። ትምህርት ክፍሉ ያረቅቃል፣ ኮሌጁ ያያል፣ የውጭ ሰው ይገመግማል፣ ሴኔት ያጸድቃል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ (ቁጥር 1152/2011)ም ሥርዓተ ትምህርት የመቅረጽ ሥራውን ለራሱ ለዩኒቨርሲቲው ነው የሰጠው። ከሌላ ቦታ ናሙና ማግኘትም ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ አይደለም፣ ሰዉ ላይ ነው።

እዚህ ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች የካሪኩለም ግምገማ በብዛት ያስተናግዳሉ። አንዱ ላይ ገምጋሚ ነበርኩ፤ አዘጋጆቹ ከየት እንደመጡ ይቅር። ጠዋቱን ሙሉ የኮርስ ስም ላይ "አድቫንስድ" የሚል ይጨመር አይጨመር ስንባባል ዋልን። ከሻይ በኋላ ወደ ኮርስ ኮድ ገባን። ምሳ ላይ ዓሣው ሲቀርብ ነው አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር "ቴሲሱን፣ የመመረቂያ ጥናቱን ግን ማን ነው የሚያማክረው?" ያሉት። የመምህራኑ ዝርዝር ተገለጠ። አምስት ዶክተር ተጽፏል። ሁለቱ ውጭ አገር ናቸው፣ አንዱ ከተዛወረ ቆይቷል። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ የአስተዳደር ሹመት ላይ ናቸው። ካሪኩለሙ ግን በዚያው ቀን "ከጥቃቅን ማስተካከያ ጋር" አለፈ።

ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። 15 ተማሪ ብትቀበሉና በእርግጥ የሚያማክሩ ሦስት መምህራን ቢኖሯችሁ፣ ለእያንዳንዳቸው አምስት ቴሲስ ይደርሳል። ይከብዳል እንጂ ይቻላል። ግን ሁሉም በሁለት ዓመት አይጨርስም። የዘገየው ከቀጣዩ ባች ጋር ሲደረብ አምስቱ ስምንት ይሆናል። መምህሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍሎቹም አሉበት። ያኔ ማማከር ቀርቶ ማንበብም ይከብዳል፤ ፊርማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ስንት ተማሪ ትቀበላላችሁ የሚለውን መወሰን ያለበት የአማካሪው ቁጥር ነው፣ የመማሪያ ክፍሉ ወንበር አይደለም።

የፍላጎት ዳሰሳ ላይም አትቀላልዱ። "ይህ ፕሮግራም ያስፈልጋል ብለው ያስባሉ?" ብላችሁ መጠይቅ ከበተናችሁ ሁሉም "አዎ" ይላል። ማን አይ ይላል? ይልቅ የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊውን "ሠራተኛህን ለሁለት ዓመት ትለቃለህ? ሲመለስ የምታስቀምጠው መደብ አለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። እዚህ ጋ ዝም ካለ ዳሰሳችሁ መልስ አገኘ ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የዲግሪው ስም። ስሙ ዘመናዊ እንዲመስል ሦስት አራት ነገር ይቀጣጠልበታል። ተመራቂው ሥራ ሊያመለክት ሲሄድ ማስታወቂያው ላይ የለም። "ተዛማጅ ነው፣ አይደለም" በሚል ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ደብዳቤ ተሸክሞ ይዞራል። ሴኔት ከመግባታችሁ በፊት የሥራ መደቦቹን የትምህርት ዝግጅት መስፈርት ከሰው ሀብት ባለሙያ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስተያዩት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ወደ ዓሣው ልምጣ፣ ይሄ የኔ ሰፈር ነው። ላቤዮባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሣዎች ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች የሚወጡት በክረምት ነው፤ ነሐሴና መስከረም ዋናው ጊዜ ነው። የኛ ካላንደር ደግሞ ተማሪው ፕሮፖዛሉን ኅዳር ላይ እንዲያቀርብ ያደርገዋል። ዓሣው ወጥቶ ተመልሷል! ልጁ ወይ ርዕስ ይቀይራል፣ ወይ ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ፕሮፖዛል በአንደኛው ዓመት ግንቦት ላይ እንዲያልቅ ካሪኩለሙ ውስጥ ጻፉት። የናንተ ውሃ የራሱ ወቅት ይኖረዋል፤ ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቁ፣ ከማንም በላይ ያውቃሉ። በጀቱ ላይም መረብ፣ የጀልባ ኪራይና ነዳጅ በስማቸው ይግቡ። "የመስክ ሥራ" ተብሎ በጥቅሉ የተጻፈ ገንዘብ ዓመቱ ሳይጋመስ የት እንደገባ አይታወቅም።

ላብራቶሪ ከሌላችሁ ሁሉንም ልግዛ አትበሉ። ጨረታውና የሬጀንት (የላብራቶሪ ኬሚካል) ግዢው የባቹን ጊዜ ይበላዋል። በአቅራቢያችሁ የምርምር ማዕከል ካለ ስምምነት ፈርሙ፣ ተመራማሪዎቹንም በተባባሪ አማካሪነት አስገቧቸው። ጎረቤት ትልቅ ነገር ነው። የኛው ፖሊ፣ የባህር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ በ1955 ዓ.ም. ሲጀምር ቴክኒሺያን ነበር የሚያወጣው፣ ጨርቃጨርቅም ከሙያዎቹ አንዱ ነበር። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው እዚሁ ከተማው ውስጥ ነበር። ዛሬ በዚያው ዘርፍ እስከ ዶክትሬት ይሰጣል። በአንድ ዓመት ትእዛዝ የመጣ ግን አይደለም።

ሁለቱን ባንዴ ስለመክፈት፦ እኔ ብሆን አንዱን እከፍታለሁ፣ ሌላው የመጀመሪያው ባች ቴሲስ እስኪያስገባ ይቆይ እላለሁ። አለቆቻችሁ "ዕቅድ ውስጥ ገብቷል" ማለታቸው አይቀርም። ያኔ በቃል አትከራከሩ፤ የአማካሪዎቹን ስም፣ የያዙትን ሎድ (የማስተማር ጫና) እና ሹመት በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አድርጋችሁ ከደብዳቤ ጋር አስገቡ። አሁን የአመልካቹም ነገር አለ፣ ሀገር አቀፉን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት። የጠበቃችሁት ቁጥር ላይመጣ ስለሚችል ያንንም እዚያው ገጽ ላይ ጥቀሱት።

ረቂቁ ሲደርስ እዚህ ለጥፉት፣ አያለሁ። የመምህራኑ ዝርዝር ግን ይቅደም፤ ማን በሥራ ላይ እንዳለ፣ ማን ለትምህርት እንደወጣ ተለይቶ።