ፊልሙ ሌላ፣ ሲዲው ሌላ፣ ያየንበት ማታ ሌላ

ባለፈው እትም ስለ ቤት መጽሐፍ መደርደሪያ አንድ ጥያቄ መልሰን ነበር፣ ከዛ በኋላ "የፊልምስ?" የሚል መልእክት በላይ በላዩ ይመጣብን ጀመር። አምስቱን መርጠናል፣ የረዘሙትን ቆራርጠናቸዋል፣ ቅር እንዳትሰኙ።

ጥያቄ፦ አባቴ መርካቶ አካባቢ ፊልም ማከራያ ነበረው። ቤቱ ሲዘጋ እቃው በሙሉ እኛ ጋ መጣ፣ ወደ 400 የሚጠጋ ቪሲዲና ዲቪዲ፣ ወደ 60 የቪዲዮ ካሴት፣ ሁሉም በሙዝ ካርቶን ታጭቆ። በየሽፋኑ ጀርባ አባቴ በቀይ እስክሪፕቶ "ጥሩ"፣ "ለልጅ አይሆንም"፣ "መጨረሻው ቀሽም" ምናምን እያለ ጽፎበታል። እሱ ካረፈ ሁለት አመቱ ነው። ባሌ "ወይ አስተካክይው ወይ ለቆራሌው ስጪው" ብሎኛል። በኤክሴል መመዝገብ ጀምሬ 90 ላይ ስደርስ ተምታታብኝ፣ አንድ ፊልም ሶስት ቦታ ተመዝግቧል፣ ሌላውን ደግሞ መዝግቤው ስፈልገው የለም። (የአከራዩ ልጅ፣ ከጀሞ)

መልስ፦ ነፍስ ይማር እህቴ። ቆራሌው ትንሽ ይጠብቅ።

የተምታታብሽ ሁለት የተለያየ ነገር አንድ መስመር ላይ ስለጻፍሽ ነው። ፊልም አንድ ነገር ነው፣ ሲዲ ሌላ። አንድ ቪሲዲ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ የሁለት ሰአት ፊልም ግድ ሁለት ሲዲ ይሆናል፣ በዛ ላይ አባትሽ አከራይ ስለነበሩ ተፈላጊ ፊልም ሲመጣ ሁለት ሶስት ኮፒ ይይዛሉ፣ በዛ ላይ ያው ፊልም በትርጉም መጥቶ ሌላ ሽፋን ለብሶ ይሆናል፣ በቃ አንድ ፊልም እያልሽ እጅሽ ላይ ሰባት ስምንት ሲዲ አለ። ስለዚህ ሁለት ሺት ክፈቺ። አንዱ የፊልሞች ነው፣ እያንዳንዱ ፊልም አንዴ ብቻ ይገባል፦ ርእስ፣ ዳይሬክተር፣ አመት፣ ቋንቋ። ሁለተኛው የእቃዎች ነው፣ እያንዳንዱ ሲዲና ካሴት የራሱ ቁጥር ይኖረዋል፦ ቁጥር 112፣ የየትኛው ፊልም እንደሆነ፣ ካርቶን 3፣ ቪሲዲ፣ ክፍል 2፣ ተጭሯል ወይስ ይሰራል። ቁጥሩን በመጣልሽ ቅደም ተከተል ስጪ፣ ድራማ እዚህ አክሽን እዚያ እያልሽ ካርቶን ማገላበጥ ውስጥ እንዳትገቢ፣ ሲዲው የትም ይቀመጥ፣ መደርደሩን ኤክሴል ይስራ። ቁጥሩን ደግሞ ሽፋኑ ላይ እንጂ ሲዲው ላይ በእስክሪፕቶ አትጻፊ። ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብለጨልጨው ፊት ነው፣ ሲዲ ላይ ግን መረጃውን የያዘው ንጣፍ ያለው ከጽሁፉ ፊት ስር ነው፣ በእስክሪፕቶ ስትጫኚው እሱን ነው የምትወጊው።

መዝግበሽው የጠፋብሽ ፊልም የሚገኘው ምናልባት ፊደል ላይ ነው። ኮምፒዩተር "ሠርግ" እና "ሰርግ" አንድ መሆናቸውን አያውቅም፣ በፊደል ገበታው ቅደም ተከተል ነው የሚደረድረው፣ መሀላቸው ላይ "ረ" አለች። "ሀይሌ" ብለሽ የጻፍሽው ከላይ ይቀመጣል፣ "ኃይሌ" ያልሽው ከ"ተ" እና ከ"ቸ" በኋላ ወርዶ ይገኛል። እኔ የማደርገው አንድ ተጨማሪ አምድ "መፈለጊያ" ብዬ ከፍቼ እዛ ላይ ሁሌም ቀላሏን መጻፍ ነው፣ ሁሉም ሀ አንድ ሀ፣ ሁሉም ሰ አንድ ሰ፣ ጸ እና ፀ እንደዛው። ትክክለኛው አጻጻፍ በርእሱ አምድ ሳይነካ ይቀመጣል፣ የአማርኛ አስተማሪዎቻችንም አይቆጡንም። የዳይሬክተሩን ስም ደግሞ የፈረንጅ አፕሊኬሽን ስላለ ብለሽ የአባቱን ስም አታስቀድሚ፣ እኛ ሰው የምንፈልገው በራሱ ስም ነው።

አመት ሌላው ጣጣ ነው። የኃይሌ ገሪማን "ጤዛ" ውሰጂ፣ ቬኒስ ላይ የታየው በነሱ 2008 ነው፣ ያ ፌስቲቫል ያለቀው ደግሞ በኛ ጳጉሜን 1 ቀን 2000 ነበር፣ አዲስ አበባ ሲታይ ግን 2001 ገብቷል። አንዱ 2008፣ አንዱ 2000፣ አንዱ 2001 ቢል ሶስቱም አልተሳሳቱም፣ ያንቺ ዝርዝር ግን ሶስት ፊልም አደረገው ማለት ነው። ሁለት አምድ አድርጊ፣ አንዱ "በኛ" ሌላው "በነሱ" የሚል፣ ያላወቅሽውን ባዶ ተይው፣ በግምት ስምንት እየቀነስሽ አትሙይ። ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ነው፣ ስምንት የሚሆነው ከዛ ወዲህ ነው።

እና ፋይሉን ሴቭ ስታደርጊ በተራው ሲኤስቪ እንዳታደርጊ፣ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆንብሻል፣ አንዴ ከሆነ ደግሞ አይመለስም። ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጪ፣ ወይ እንደ ተራ የኤክሴል ፋይል ተይው።

ካሴቶቹን በተመለከተ ስስ ሆድ አለኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ። የእህቴ ሰርግ ካሴት ላይ የዓለም ዋንጫ ኳስ የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ እስከዛሬም በየገናው ይነሳብኛል። ካሴቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች፣ እሷ ከተሰበረች ዴኩ መቅዳት እምቢ ይላል፣ ሌላ ሳትሰሪ መጀመሪያ እሷን ስበሪ። እንደ መጽሐፍ አቁመሻቸው ከጸሐይና ከእርጥበት ራቅ አድርጊያቸው። የካሴቱ መስኮት ላይ ነጭ ሻጋታ ያየሽበትን ዴክ ውስጥ አትክተቺው፣ ሄዱን አቆሽሾ ወደ ቀሪዎቹ ነው የሚያዛምተው። ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ካሰብሽ ሁሉንም አትልፊበት፣ ሌላ ቦታ የማይገኘውን አስቀድሚ፣ የቤተሰብ ቀረጻ፣ ከቲቪ የተቀዳ ድራማ፣ እንዲህ ያለውን። የመጨረሻው ዴክ አምራች የጃፓን ኩባንያ ማምረት ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስለዚህ የሚሰራ ዴክ ያለው ጎረቤት ካለሽ ቡና እየጠራሽ ያዢው።

የአባትሽ ቀይ ጽሁፍ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሽፋኖቹን ሳትጠርጊ፣ ሳትቀይሪ፣ መጀመሪያ ፎቶ አንሺያቸው፣ ከዛ ሶስተኛ ሺት ክፈቺና ያሉትን ቃል በቃል ገልብጪው። "መጨረሻው ቀሽም" ካሉ "መጨረሻው ቀሽም" ተብሎ ይግባ። አንቺም ፊልሙን አይተሽ ካልተስማማሽ ከስሩ ሌላ መስመር ጨምሪና የራስሽን ጻፊ እንጂ የሳቸውን አታርሚ። ባልሽንም አንድ ማታ አንዱን አስመርጭው፣ ምናልባት ቆራሌውን ይረሳው ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፍላሼ 64 ጊጋ ነው፣ ባዶ ነው፣ አንድ 5 ጊጋ ፊልም ግን "ቦታ የለም" አለኝ። አስጫኙ ልጅ ፍላሹ ፌክ ነው አለኝ። (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ፌክም ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ፎርማቱን እይ። ፋት32 ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፣ ፍላሹ ባዶ ቢሆንም። ውስጡ የቀረ ነገር ካለ ሌላ ቦታ ገልብጠህ ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርገው። ብቻ የቆየ ቲቪ ኤክስፋት የማያነብ አለ፣ ካላነበበልህ ቲቪውን አትምታው።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ለእናቴ 12 ኦሪጅናል ዲቪዲ በሰው ላኩላት፣ አንዱም አልሰራም፣ ኮፒው ሲዲ ግን ይሰራል ብላ ትስቅብኛለች። (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ እናትሽ ቢስቁም እውነታቸውን ነው። ኦሪጅናል ዲቪዲ ብዙ ጊዜ በሪጅን፣ ማለትም በአለም ክፍል ቁጥር የተቆለፈ ነው፣ አሜሪካ 1 ናት፣ ኢትዮጵያ 5፣ አብዛኛው አውሮፓና መካከለኛው ምስራቅ 2። ኮፒው ላይ ብዙ ጊዜ ቁልፉ ስለሌለ ነው የሚሰራው፣ ህግ አክባሪው ተቀጣ ማለት ነው። "ኦል ሪጅን" የሚል ማጫወቻ ብትልኪላቸው ይፈታል። በኮምፒዩተር አይተው ሪጅኑን ልቀይር የሚል የሰፈር ልጅ ከመጣ ግን ተጠንቀቁ፣ የኮምፒዩተር ዲቪዲ ማጫወቻ አምስት ጊዜ ብቻ ነው የሚያስቀይረው፣ ከዛ በኋላ መጨረሻ ላይ ያለው ላይ ይቆለፋል። ዝርዝር የምትይዢ ከሆነ ደግሞ "ሪጅን" የምትል አምድ ጨምሪ፣ ዱባይ እህት ካለችሽ በሚቀጥለው ስትልክ ታመሰግንሻለች።

ጥያቄ፦ ያየሁትን ፊልም ሁሉ ሌተርቦክስድ የሚባል የፊልም መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ እመዘግባለሁ፣ ሁለት አመት ሆነኝ። አሁን ዞር ብዬ ሳየው ሁሉም ሶስት ተኩል ወይ አራት ኮከብ ነው፣ የቱን እንደወደድኩት እኔም አላውቅም። ሌላው ደግሞ፣ አንድ ጓደኛዬ አክተር ነው፣ አዲሱ ፊልሙ አቦ በጣም ቀሽም ነው፣ ምን ልስጠው? የአማርኛ ፊልሞችም ብዙ ጊዜ ስፈልግ አላገኛቸውም። (ከአዳማ)

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። ሌተርቦክስድ በ2011 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ የፊልም መረጃውን የሚወስደው ግን ቲኤምዲቢ ከሚባል ሌላ ቦታ ነው፣ እዛ ደግሞ ማንም ተመዝግቦ ፊልም ማስገባት ይችላል። የምትፈልገው ካልተገኘ ራስህ አስገባው፣ ፖስተሩን፣ ተዋንያኑን፣ አመቱን "በነሱ" አድርገህ። አንድ ማታ ይፈጅብሃል፣ ከዛ በኋላ የሚፈልግ ሁሉ ያገኘዋል።

ኮከቡ ላይ ያጠፋኸው ነገር ቅደም ተከተል ይመስለኛል። ፊልሙ እንዳለቀ ኮከብ ትሰጣለህ፣ ከዛ የሌሎችን ታነባለህ፣ ከዛ የምትለው ያጥርሃል። አገላብጠው። ስልክህን ሳትከፍት፣ ማንም ምን እንዳለ ሳታይ፣ ሁለት አረፍተ ነገር ጻፍ፦ አይንህ ላይ የቀረችውን አንድ ትእይንት፣ እና የት ቦታ ስልክህን እንዳነሳህ። ሁለተኛዋ በጣም ሀቀኛ ናት፣ 40ኛው ደቂቃ ላይ ቴሌግራም ከከፈትክ አራት ኮከብ ከየት መጣ? ከማን ጋር እንዳየኸውም ጻፍ። ከሰፈር ልጆች ጋር እየተንጫጫችሁ ያያችሁት ኮሜዲ ለብቻህ በጆሮ ማዳመጫ ስታየው ሌላ ፊልም ነው። ኮከቡን በነጋታው ስጠው። ደግመህ ካየኸው የድሮውን አታጥፋ፣ አዲስ መስመር ጻፍ፣ አንተም ትቀየራለህ። በየወሩ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ዳታህን ኤክስፖርት አድርገው፣ ካምፓኒ ነገ ምን እንደሚሆን አይታወቅም።

ጓደኛህ... እዚህ ላይ የፈረንጅ ምክር አይሰራም። አገራችን ፊልም ውስጥ ሁሉም ሁሉን ያውቃል፣ አንድ ኮከብ ብትሰጠው ማታውኑ ስክሪንሾቱ ይደርሰዋል፣ አምስት ብትሰጠው ደግሞ የራስህን መዝገብ ራስህ አበላሸኸው። እኔ ብሆን እዛ ምንም ኮከብ አልሰጥም፣ አይቼዋለሁ ብቻ ብዬ እመዘግብና የልቤን ማንም በማያየው ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ከጠየቀህ ግን ቡና ጋብዘህ ንገረው፣ እና አንድ ጥሩ ያደረጋትን ነገር ፈልገህ ይዘህ ሂድ፣ አንድ አትጠፋም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ያየሁትን ፊልም ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ፣ አሁን አምስተኛው ላይ ነኝ። ቀን፣ ሲኒማ ቤት፣ ከማን ጋር፣ አንድ ቃል አስተያየት። ልጄ በኮምፒዩተር ልጻፈውና ለሁሉም ኮከብ ስጥበት ይለኛል። ብዙውን ፊልም አላስታውሰውም፣ ርእሱንም እንደሰማሁት ነው የጻፍኩት። ዘመቻ የሄድኩበትም ጊዜ ባዶ ነው። አንድ ገጽ ፎቶ አንስቶ ልኮላችኋል። (ከደሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ገጹን ቢሮ ውስጥ ተቀባበልነው። ልጅዎ ይጻፈው፣ ግን መጀመሪያ አምስቱንም ደብተር ገጽ በገጽ፣ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሳው። ከዛ ሲጽፍ እያንዳንዱ መስመር የደብተርና የገጽ ቁጥር ይኑረው፣ ነገ የተጠራጠረ ሰው ተመልሶ እንዲያየው። ርእሱን እርስዎ እንደጻፉት ይተወው፣ የፈረንጁን ስም ካገኘው ጎን ባለው አምድ ያስገባው፣ ካላገኘው ይቅር። ቀኑም በኛው ይሁን።

ኮከብ አይስጡ። በ1966 "ደህና" ብለው የጻፉት ሰው አሁን የሉም፣ ለሱ መወሰን አይችሉም። "ደህና" ራሷ በቂ ናት፣ ደግሞ በላኩልን ገጽ ላይ "ደህና" እና "ደህና ነው" ብለው ሁለት አይነት ጽፈዋል፣ ልዩነት እንዳለው ለልጅዎ ይንገሩት፣ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። የዘመቻውን ባዶ ቦታ አይሙሉት፣ "ዘመቻ" ብሎ አንድ መስመር ይጻፍበት፣ ይበቃል።

እኛም አንድ ጥያቄ አለን። ጥቅምት 1967፣ አምፒር ሲኒማ፣ "ከእሷ ጋር፣ ግማሹን አየን" ይላል። በሰአት እላፊው ነው ያቋረጣችሁት ወይስ በሌላ? ከ1971 ወዲህ ደግሞ "ከባለቤቴ ጋር" የሚል ይመጣል። አንድ ሰው ናቸው?