ፋይል አልገባ አለ ተብሎ ሙያ አይቀየርም

እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሌሎችም ይጠቀሙበት ዘንድ ያልሽውን ባጭሩ ላስቀምጠው። የማስተርስ ተማሪ ነሽ። ብረት ያለበት የካታሊስት (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ናሙናሽ ሲንክሮትሮን (ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ትልቅ መሣሪያ) ላይ በኤክስሬይ አብዞርፕሽን፣ ማለት በየኢነርጂው ምን ያህል ኤክስሬይ እንደሚመጥ በማየት፣ በትራንስሚሽን (ጨረሩ በናሙናው ውስጥ አልፎ ሲወጣ) ተለክቷል። ፋይሉ ግን አቴና የሚባለው የትንተና ፕሮግራም ውስጥ አልገባ አለሽ። የላብ ጓደኛሽ በኤክሴል አስተካክላ ስትሰጥሽ ገባ፣ ግን ግራፉ ወደ ላይ መዝለል ሲገባው ቁልቁል ይወርዳል። አማካሪሽን ለመጠየቅ አፈርሽ። መጨረሻ ላይ «ፋይል መክፈት ያቃተኝ ሰው በዚህ ሙያ ምን እሠራለሁ? ወደ ሌላ ነገር ልዙር ወይ?» አልሽኝ።

አትዙሪ። ቢያንስ በዚህ ምክንያት አትዙሪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ መስክ ሁሉም የሚስማማበት አንድ የፋይል ዓይነት የለም። እያንዳንዱ ቢምላይን (ሲንክሮትሮኑ ላይ ያለ የመለኪያ ጣቢያ) ዳታውን በራሱ መንገድ ይጽፋል፤ አንዱ ኢነርጂውን በኤሌክትሮን ቮልት፣ ሌላው በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ሌላው ደግሞ ኢነርጂውን ትቶ የሞኖክሮሜተሩን (ክሪስታል እያዞረ የጨረሩን ኢነርጂ የሚመርጠውን መሣሪያ) አንግል ብቻ ያስቀምጣል። ኤክስዲአይ የሚባል የጋራ ፎርማት ተዘጋጅቷል፤ የፋይሉ አናት ላይ የትኛው ዓምድ ምን እንደሆነና ክሪስታሉ ምን እንደነበር በግልጽ ይጻፍበታል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሁሉም አይጠቀምበትም። ስለዚህ ፋይል እምቢ ሲልሽ ያንቺ ስንፍና አይደለም። ሥራው ራሱ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደ ፋይልሽ እንምጣ። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ቀድተሽ መላክሽ በጣም ጥሩ አደረግሽ፣ ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ ብቻ ነው የሚልከው። አናቱ ላይ የናሙናው ስምና ቀኑ አለ፣ ግን መስመሮቹ ፊት የ# ምልክት የለም። ብዙ ፕሮግራሞች ጽሑፉን ከቁጥሩ የሚለዩት በዚያ ምልክት ነው። ቁጥሮቹ ደግሞ 16,600 ተብለው በኮማ ተጽፈዋል፣ በነጥብ አይደለም። ፕሮግራሙ ይሄንን ሁለት ቁጥር አድርጎ ሊያነበው ይችላል፣ ወይ ጭራሽ አይቀበለውም። ፋይሉን ያስቀመጥሽበት ፎልደር ስሙ በአማርኛ ነው፤ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች በላቲን ፊደል ያልተጻፈ መንገድ ሲያዩ ይደናገራሉ፣ ስለዚህ አጭር የላቲን ስም ያለው፣ ክፍት ቦታ የሌለበት ፎልደር ውስጥ አስገቢው። እነዚህ ሦስቱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ናቸው። የሚያሳስበኝ እነሱ አይደሉም።

የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ዓምድ ነው። ከ16.6 ይጀምርና እየቀነሰ እየቀነሰ 14.7 ላይ ያበቃል። የብረት ኬ ኤጅ (ብረት ኤክስሬይ መምጠጡ በድንገት የሚዘልበት ኢነርጂ) ያለው 7112 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው። በኪሎ ቢጻፍ እንኳን 7.112 አካባቢ ማየት ነበረብሽ። ታዲያ 16 ምንድን ነው? አንግል ነው፣ በዲግሪ። ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ 12398.4ን ለክሪስታሉ ሁለት እጥፍ ዲ (ዲ በክሪስታሉ የአተም ንጣፎች መካከል ያለው ርቀት ነው) እና ለአንግሉ ሳይን ብዜት ታካፍያለሽ። ክሪስታሉ ሲሊከን 111 (ቁጥሩ የክሪስታሉን አቆራረጥ ይነግራል) ከሆነ ዲ 3.1356 አንግስትሮም ነው። 16.14 ዲግሪ አስገቢ፣ 7112 ይወጣልሻል። ሁለቱ ጫፎች ደግሞ ወደ 6920 እና ወደ 7790 ይመጣሉ፣ ለብረት ኤጅ ስካን ልክ የሚሆን ክልል ነው። ክሪስታሉ 311 ቢሆን ኖሮ ኤጁ 32 ዲግሪ አካባቢ ይሆን ነበር፣ ስለዚህ ያንቺው 111 እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ቢሆንም ቢምላይኑን ጠይቀሽ አረጋግጪ። አብሮ የተለካ የብረት ፎይል ካለም ኤጁ በትክክል 7112 ላይ መውደቁን እዪበት፤ ትንሽ ከሳተ ሁሉንም በዚያው ልክ ታስተካክያለሽ።

ጓደኛሽ ኮማውን ወደ ነጥብ ቀየረችልሽ፣ እግዜር ይስጣት። ግን አቴና አንግሉን ኢነርጂ ነው ብሎ ተቀበለው። አንግል ሲጨምር ኢነርጂ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ግራፍሽ ግራና ቀኙ ተቀያየረ። ቁልቁል የወረደው ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በይ፣ ምክንያቱም ቁልቁል የሚወርድ ግራፍ ሌላም መነሻ አለው። በትራንስሚሽን የሚሰላው የአይ ዜሮ (ከናሙናው በፊት የተለካው ጨረር) ለአይ ቲ (ከናሙናው በኋላ የተለካው) ሬሾ ሎጋሪዝም ነው። ዓምዶቹን ስትመርጪ ላይኛውንና ታችኛውን ካቀያየርሽ ግራፉ ላይና ታቹ ይገለበጣል፣ ያም ቁልቁል ይወርዳል። እንዴት ትለያቸዋለሽ? ከኤጁ በኋላ የሚመጡትን ትንንሽ ሞገዶች ፈልጊ። ሞገዶቹ በግራ በኩል ከፍታው ላይ ካሉ ችግሩ የኢነርጂው ዓምድ ነው። በቀኝ በኩል ዝቅታው ላይ ካሉ የተቀያየሩት ዲቴክተሮቹ ናቸው። ሁለቱን ስህተቶች አንድ ላይ ብትሠሪስ? ግራፉ ወደ ላይ ይዘላል! ጤነኛ ይመስላል። ሞገዶቹ ግን ከኤጁ በስተግራ ተቀምጠዋል፣ ይሄን ያላየ ሰው እሱን ይዞ ወደ ትንተና ይገባል።

ሙያውን የሚመለከተው ነገር ይሄ ነው፣ በጥሞና ስሚኝ። እምቢ ያለ ፋይል አያስፈራም፣ ቢያንስ ችግር እንዳለ ነግሮሻል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የገባ የተሳሳተ ፋይል ነው። ላቦች አጥብቀው የሚፈልጉት ዳታው ከገባም በኋላ «ይሄ ቁጥር ልክ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። አንቺ ግራፉን አይተሽ «ወደ ላይ መዝለል ነበረበት» ብለሻል። ያ ዓይን አለሽ። እሱን ይዘሽ ሙያ ልቀይር ማለትሽ ያሳዝነኛል።

ከዛሬ ጀምሮ አንድ ልማድ ያዢ። ከቢምላይን የመጣውን ፋይል በፍጹም በኤክሴል ከፍተሽ እላዩ ላይ ሴቭ አታድርጊ። ዋናውን ለብቻው አስቀምጪ፣ አይነካ። ማስተካከያውን በትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ሥሪው፤ ኮማውን ይቀይር፣ አንግሉን ወደ ኢነርጂ ይለውጥ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድር፣ የተደገመ ነጥብ ካለ ይንገርሽ፣ አናቱ ላይ የዓምዶቹን ስም ይጻፍ። ሃያ ሠላሳ መስመር ነው። ከስድስት ወር በኋላ ፈታኝ «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲልሽ የምትመልሺው በዚህ ነው። ለነገሩ ወደፊት በፍሎረሰንስ (ናሙናው መልሶ በሚያወጣው ኤክስሬይ) የተለካ ፋይል ይመጣልሻል፤ እዚያ ሎጋሪዝም አይወሰድም፣ የዲቴክተሩ ቻናሎች ይደመራሉ። ከመደመርሽ በፊት እያንዳንዱን ቻናል ለየብቻ እዪው፣ አንዱ የተበላሸ ከሆነ ሁሉንም ያበላሻል።

አማካሪሽን በተመለከተ፣ የሚያሳፍረው ባዶ እጅን መሄድ ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ዶክተር፣ የቢምላይኑ ፋይል የመጀመሪያ ዓምድ አንግል መሆኑን በስሌት አይቻለሁ፣ በሲሊከን 111 ስቀይረው ኤጁ 7112 አካባቢ ይወድቃል። የክሪስታሉን ዓይነትና የዓምዶቹን ቅደም ተከተል ለማረጋገጥ ለቢምላይኑ ሳይንቲስት ልጻፍ?» ከሥሩ የፋይሉን የመጀመሪያ መስመሮችና የግራፉን ስክሪንሾት አያይዢ። እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው አማካሪ ደካማ ተማሪ አለኝ አይልም።

ሲቪሽ ላይም «አቴና እችላለሁ» ብለሽ አትጻፊ፣ ሁሉም እሱን ነው የሚጽፈው። «የቢምላይን ጥሬ ዳታን ወደ ኤክስዲአይ የሚቀይርና ካሊብሬሽኑን (የኢነርጂ ልኬቱን ትክክለኛነት) የሚፈትሽ ስክሪፕት ሠርቻለሁ» በይና አማካሪሽ ከፈቀደ ስክሪፕቱን በይፋ አስቀምጪው፤ ያልታተመ ዳታ ግን አብሮ እንዳይወጣ። በሲንክሮትሮን የዳታ ክፍሎች፣ በባትሪና በካታሊስት ላቦች፣ የመለኪያ መሣሪያ በሚሠሩ ድርጅቶች ይሄ ችሎታ ሥራ ያስገኛል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርሽ። የዚህ ሙያ ትልቁ ክፍል መለካቱ አይደለም፣ ቢምላይን ላይ የምትቆዪው ጥቂት ቀን ነው፣ ከዚያ በኋላ ወራቱን ሁሉ ከፋይል ጋር ነሽ። ይሄንን ፋይል በራስሽ አስተካክለሽ፣ ግራፉ ቀጥ ብሎ ከወጣልሽ በኋላም «ይሄን ሥራ ዕድሜ ልኬን ልሠራ አልፈልግም» የሚል ስሜት ከቀረ፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነውና ያኔ ጻፊልኝ፣ ስለሌሎቹ መንገዶች ቁጭ ብለን እናወራለን።