አርባ ሌሊት ወይስ አስራ አራት?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ክፍል አከራያለሁ። እንግሊዛዊት ተከራዬ «አንሶላው ፎርትናይትሊ ይቀየርልኝ» ብላ ጽፋልኝ ነበር። «ፎርቲ ናይት» መስሎኝ አርባ ቀን ልጠብቅ ስል በሃያኛው ቀን አኮረፈች። ምን ማለቷ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አርባ ቀንማ ለተዝካር ነው! ቃሉ «በየሁለት ሳምንቱ» ማለት ነው። የጥንት እንግሊዞች ጊዜን በሌሊት ይቆጥሩ ነበርና «አስራ አራት ሌሊት» የሚለው ተጨማድዶ «ፎርትናይት» ሆነ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሊ» የኛን «በየ» ሥራ ትሠራለች። ቃሉ ከግሱ በኋላ ይገባል፦ «ዊ ሚት ፎርትናይትሊ»። እኛ ለዚሁ ጊዜ «በየአስራ አምስት ቀኑ» እንላለን፤ አንድ ቀን መርቀን መሆኑ ነው።

አሜሪካኖች ግን ብዙም አይሉትም። እኔ ራሴ ፋሲል ግቢ በር ላይ ለአንድ አሜሪካዊ ጎብኚ ብናገረው፣ «ፎርትናይት» ስለሚባለው የኮምፒውተር ጌም ያወራሁ መስሎት ሳቀ። እነሱ «ባይዊክሊ» ይላሉ። እሱ ደግሞ ይባስ! በሳምንት ሁለቴም፣ በሁለት ሳምንት አንዴም ተብሎ ይተረጎማል። «ኤቭሪ ቱ ዊክስ» ብትዪ ሁሉም ይገባዋል።

አንሶላውን ግን ዛሬውኑ ቀይሪላት።