ሲቢኤፍ3 በ24 ሰዓት ብርድ ለምን አልጨመረም?

ጥያቄው ይኼ ነበር፦ የሦስት ሳምንት አራቢዶፕሲስ (ለምርምር የሚውል ትንሽ ተክል) ከ22 ወደ 4 ዲግሪ ገብቶ ከ24 ሰዓት በኋላ በኪውፒሲአር (የአንድን ጂን አር ኤን ኤ መጠን በሚለካ ዘዴ) ሲለካ ኮር15ኤ የተባለው የብርድ ጂን በጣም ጨምሯል፣ ኮር ጂኖችን የሚያነቃው ሲቢኤፍ3 ጂን ግን ከመነሻው ብዙም አልራቀም። ሙከራዬ ተበላሽቷል ወይ? ቀጥሎ ወደ ደጋ ገብስ እሻገራለሁ።

እህቴ፣ አልተበላሸም። ኮር15ኤ መጨመሩ ራሱ ተክሉ ብርዱን ለማወቁ ማስረጃ ነው። ያመለጠሽ ሰዓቱ ነው። ሲቢኤፍ1፣ 2 እና 3 ብርድ በነካቸው በ15 ደቂቃ ውስጥ ይነቃሉ፣ በ2 ወይም በ3 ሰዓት ጫፍ ይደርሳሉ፣ ከዚያ ይወርዳሉ። ከእነሱ የሚሠራው ፕሮቲን ደግሞ የኮር ጂኖች ፕሮሞተር (የጂኑ ማስነሻ ክፍል) ላይ ሲሲጂኤሲ የሚል ቅደም ተከተል ያለበትን ቦታ ይዞ ያነቃቸዋል። ስለዚህ ኮር15ኤ ዘግይቶ ይነሳል፣ በ24 ሰዓትም ገና ከፍ እንዳለ ነው። ናሙና በ0፣ 1፣ 3፣ 6 እና 24 ሰዓት ውሰጂ። ገንዘብ ካጠረሽ ከ0 ሌላ 3ን እና 24ን አትተዪ።

የ0 ሰዓት ማነጻጸሪያ ብቻውን ግን አይበቃም። ሲቢኤፍ የተክሉን ውስጣዊ ሰዓት ይከተላል፤ መብራት ከበራ ከ4 ሰዓት በኋላ ብርድ የገባ ተክል ከ16 ሰዓት በኋላ ከገባው እጅግ የበለጠ ምላሽ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ የብርድ ናሙና በዚያው ሰዓት ከ22 ዲግሪ የተቆረጠ አቻ ይኑረው። ብርሃኑም እኩል ይሁን። ጨለማ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ መብራት ሥር ካለ ተክል ጋር ማነጻጸር ብርዱንና ጨለማውን አንድ ላይ መለካት ነው።

ብዙ ውጤት የሚጠፋው በአቆራረጥ ነው፣ እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ ሲቢኤፍ በመነቅነቅም ይነቃል። ማሰሮውን ማንሳትና ማንቀጥቀጥ የማነጻጸሪያውን ተክል መጠን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ የ22 ዲግሪዎቹንም እንደ ብርዶቹ አንስተሽ ወደ ሌላ መደርደሪያ አዛውሪያቸው። ሁለተኛ፣ ተክሉ ወደ ሙቀት ሲመለስ የሲቢኤፍ አር ኤን ኤ በ7 ደቂቃ ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ከቀዝቃዛው ክፍል አውጥተሽ፣ ቱቦ ላይ ስም ጽፈሽ፣ ቅጠል እስክትቆርጪ ግማሹ ሄዷል። ቱቦዎቹን ቀድመሽ ጻፊባቸው፤ ፈሳሽ ናይትሮጅኑን ይዘሽ ግቢ (በሩ ክፍት ይሁን፣ የተዘጋ ትንሽ ክፍል ውስጥ ናይትሮጅን ያፍናል)፤ ቅጠሉን እዚያው ቆርጠሽ ወዲያው ክተቺ። ሲፈጭም አይቅለጥ።

ሌላው ወጥመድ፣ ሲቢኤፍ ጂኖች ኢንትሮን (ከአር ኤን ኤው ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) የላቸውም። በኤክሶኖች (ተቆርጠው በማይወጡት ክፍሎች) መገናኛ ላይ ፕራይመር (የሚለካውን ጂን የሚይዝ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) አስቀምጦ ከዲኤንኤ ብክለት መዳን ስለማይቻል ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን የሚያጠፋ ኢንዛይም) የግድ ነው፣ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አር ኤን ኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም) ያልገባበት ቱቦም እንዲሁ። ያ ቱቦ ከናሙናው 7 ሲቲ (ምልክቱ እስኪታይ የሚያልፉ የኪውፒሲአር ዙሮች) ያህል ከዘገየ ብክለቱ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ 2 ወይም 3 ብቻ ከሆነ ዲኤንኤዙን ድገሚው። ሦስቱም ሲቢኤፎች ክሮሞሶም 4 ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በጣም ስለሚመሳሰሉ ፕራይመሩን የሚለያዩበት ጫፍ፣ 3ʹ ዩቲአር (ወደ ፕሮቲን የማይተረጎመው የአር ኤን ኤ መጨረሻ) ላይ አድርጊው። የማቅለጫ ኩርባው (ምርቱ ሲሞቅ በስንት ዲግሪ እንደሚለያይ የሚያሳየው) አንድ ጫፍ ማሳየቱ ብቻ ሲቢኤፍ3 መሆኑን አያረጋግጥም፤ ምርቱን አንዴ ሲኩዌንስ አስደርጊው። ለማመሳከሪያ (መጠኑ ብዙም የማይለዋወጥ ጂን) ከአክቲን ጂን ይልቅ ፒፒ2ኤ (የጂን ቁጥሩ ኤቲ1ጂ13320) ይሻላል፣ ከሌላ አንድ ጋር ቢሆን ደግሞ የበለጠ።

አርዲ29ኤ የተባለውን ጂን ለብርድ ምልክትነት የመከሩሽ አሉ። እሱ ለድርቅም፣ ለጨውም፣ ለአብሲሲክ አሲድም (የተክል ሆርሞን ነው) ይነሳል። አፈሩ ደርቆ ከሆነ ብርድ ያላየ ተክልም ያሳስትሻል፤ ከተጠቀምሽበት ሁሉንም ማሰሮ እኩል አጠጪ።

ቀጥሎ ወደ ደጋ ገብስ እሻገራለሁ ላልሽው፣ እዚያ ሲቢኤፎቹ ከደርዘን በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም ክሮሞሶም 5ኤች ላይ ተሰብስበዋል። የአንዳንዶቹ ቅጂ ብዛት ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ፣ ለውጭ ዝርያ የተሠራ ፕራይመር ከማዘዝሽ በፊት በራስሽ ገብስ ዲኤንኤ ላይ ሞክሪው።