ያረጀችውን ስፖርት መኪናዬን በየቀኑ ምን ያህል ልጫናት?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ እንደምን አለህ? የ1996 ሞዴል ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለችኝ። ባለ 1.8 ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ 190 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች ናት። ሌላ መኪና የለኝም፤ ሥራ የምመላለሰው በእሷ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ‹አርጅታለች፣ በደቂቃ ከ3000 ዙር በላይ አታሳልፋት› ይለኛል። ሌላው ደግሞ ‹ስፖርት መኪና ካልተረገጠች ትታፈናለች› ይላል። ጠዋት ስትነሳ ሞተሩ ከላይ በኩል ቲክ ቲክ ይላል፤ ሲሞቅ ይተዋል። ዘይት ትንሽ ትበላለች። የዘይት ግፊት መርፌው ግን ሁሌም መሃል ላይ ስለሆነ አልሰጋሁም። በየቀኑ ምን ያህል ብጫናት ነው የማልጎዳት?»

ወንድሜ፣ መልሱን በአጭሩ ልንገርህ። ዘይቷ እስኪሞቅ ድረስ እንደ እንቁላል ያዛት። ከሞቀች በኋላ እስከ 6000 ዙር ሳትሳቀቅ ንዳት። በቀን አንድ ሁለት ጊዜ እዚያ ብታደርሳት ይጠቅማታል እንጂ አይጎዳትም። ግን አንድ ነገር ልብ በል። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለች መኪና ገደቧን የሚያወጣላት ብዙ ጊዜ ሞተሩ አይደለም። በዙሪያው ያለው ላስቲክ፣ ፕላስቲክና ፈሳሽ ነው። እነሱ ሳይታዩ ስለ ዙር ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

ከሙቀቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መርፌ የሚነግርህ ስለ ማቀዝቀዣ ውሃው ነው። ውሃው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል፤ መርፌው ቦታውን ይይዛል፤ ሹፌሩም «ሞቀች» ብሎ ይረግጣል። ዘይቱ ግን ገና ነው። እሱ በደንብ እስኪሞቅ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መነዳት ይፈልጋል፤ ብርድ ከሆነ ከዚያም በላይ። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ወደ ላይ፣ ወደ ቴስታታው (ቫልቮቹ ወዳሉበት የሞተሩ ራስ) ለመድረስ ይዘገያል። ሌላም ነገር አለ። የአንተ ሞተር ፒስተኑ አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ደግሞ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ላላ ብሎ ነው የሚመላለሰው። በዚያ ሰዓት መጫን ማለት ግድግዳውን በፒስተን ማስመታት ነው።

ቢኤምደብሊው ኢ46 ኤም3 ላይ ይህን ጉዳይ ለሹፌሩ ግምት አልተወውም። የዙር መቁጠሪያው ዙሪያ ብርቱካናማ መብራቶች አሉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከፍተኛው ዙር ላይ በርተው «እዚህ አትድረስ» ይሉታል። ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ መጨረሻ ላይ እስከ 8000 ዙር ይለቀቅለታል። የአንተ መኪና እነዚህ መብራቶች የሏትም። ራስህ አስባቸው።

ማሞቅ ስልህ ግን ቆሞ ማሞቅ ማለቴ አይደለም። በሚኒሞ ቆማ ስትሞቅ ጊዜ ይፈጅባታል። ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ነዳጅ አብዝቶ ነው የሚወስደው፤ ትርፉ ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል። አስነሳ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ውጣ። ከ3000 ዙር በታች ሁን፤ ፔዳሉንም እስከ ግማሽ ብቻ። ሁለተኛ ማርሽ ጠዋት ጠዋት አልገባ ካለህ አትታገለው። ይህ ካምቢዮ ሲቀዘቅዝ ሁለተኛ ላይ ማስቸገሩ የታወቀ ነው። ፍሪሲዮኑን በደንብ ርገጥ፣ ዙሩን ዝቅ አድርገህ በእርጋታ አስገባ። የካምቢዮው ዘይት ሲሞቅ ራሱ ይለሰልሳል።

አሁን ወደ ሁለቱ ጓደኞችህ ልምጣ። «ከ3000 አታሳልፋት» ያለህ ሰው አሳቢ ነው፤ ግን ምክሩ ሞተሩን ሊጎዳው ይችላል። ዳገት ላይ አምስተኛ ማርሽ፣ 1500 ዙር፣ ፔዳሉ እስከ ወለል፦ ይህ ለአሮጌ ሞተር ከ6000 ዙር ይከፋል። ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን ዘንግ) ከብሮንዚኑ (ከሚሽከረከርበት ማቀፊያ) የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ያ ሽፋን የሚጠነክረው ኮሎው ሲፈጥን ነው። ዙሩ ዝቅ ብሎ ጭነቱ ሲበዛ ሽፋኑ ይሳሳል፤ በላዩ ላይ ደግሞ የፍንዳታው ግፊት ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይወርድበታል። ነዳጁም ያለጊዜው ሊፈነዳ ይችላል። ያኔ ቀጭን የብረት ኳኳታ ትሰማለህ። እሱን ከሰማህ እግርህን አንሳና ማርሽ ቀንስ። አሮጌ ሞተር ዙር ከሚያንሰው ዙር ቢበዛበት እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጓደኛህም ያለ ምክንያት አልተናገረም። ሞተሩ ሙቀቱን ይዞ ሲጫን ካንዴላው ላይ የተጋገረው ጥቀርሻ ይቃጠላል። ዘይት ውስጥ የገባው ውሃና ነዳጅ ይተናል፤ ማርሚታውም ይደርቃል። የሥራ ቦታህ ቅርብ ከሆነና መኪናዋ ሳትሞቅ የምትጠፋ ከሆነ፣ የሚገድላት እሱ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈትና ከሥሩ እይ። ቡናማና ነጭ የተቀላቀለበት ክሬም የሚመስል ነገር ካለ፣ ብዙ ጊዜ በቂ ሙቀት አላገኘችም ማለት ነው። በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት ረዘም ያለ መንገድ አውጣት። ክሬሙ ከዚያም በኋላ ካልጠፋና ውሃዋ የሚቀንስ ከሆነ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) አስፈትሽ።

ታዲያ የሞተሩ ቀይ መስመር (ማለፍ የሌለበት ዙር) 7000 አካባቢ ሆኖ ሳለ ለምን 6000 አልኩህ? ፒስተኑ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ቆሞ አቅጣጫ ይቀይራል። ይህ ማቆምና ማስነሳት ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘው ዘንግ) ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከዙሩ ጋር እኩል አያድግም። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ7000 ወደ 6000 ስትወርድ ይህ ጫና በሩብ ያህል ይቀንሳል። በመንዳት የምታጣው ደስታ ግን ትንሽ ነው። የዚህች መኪና ጣዕም ከ4000 በላይ ነው የሚጀምረው፤ 6000 ድረስ ሰፊ ሜዳ አለህ። አንዳንዴ ቀዩ ጋ ብትደርስም ዓለም አይገለበጥም። በየቀኑ እዚያ መኖር ግን ለ190 ሺህ ኪሎ ሜትር ሞተር አይመከርም።

እዚህ ላይ አንድ የምፈራው ነገር አለ። ዙሩ ሲበዛ ነዳጅ የሚቆርጠው ኮምፒውተር የሚጠብቅህ በፔዳል ስትጭናት ብቻ ነው። ማርሽ ስትቀንስ ተሳስተህ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ፈንታ ሁለተኛ ውስጥ ከከተትካት፣ ሞተሩን የሚያሽከረክሩት ጎማዎቹ ናቸው። ኮምፒውተሩ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ቫልቭ የሚመታውም፣ ቢየላ የሚሰበረውም በዚያች ቅጽበት ነው። ስትቸኩል ማርሽ አትቀንስ።

ወደ ዘይቷ ልለፍ። «መርፌው መሃል ላይ ስለሆነ አልሰጋሁም» ያልከው አሳስቦኛል። በዚህች መኪና እስከ 1994 ሞዴል ድረስ የዘይት ግፊት መርፌው እውነተኛ መለኪያ ነበር፤ ዙር ስትጨምር ይወጣል፣ ስትቀንስ ይወርዳል። ከ1995 ጀምሮ ግን በተራ ስዊች ተተካ። ግፊቱ ከትንሿ መነሻ እስካለፈ ድረስ መርፌው መሃል ሄዶ ይቀመጣል፤ ግፊቱ ጥሩም ይሁን ደካማ አይነቃነቅም። የአንተ መርፌ መለኪያ የለበሰ ማስጠንቀቂያ መብራት ነው ማለት ነው። መካኒክህ ስዊቹን ነቅሎ በቦታው ትክክለኛ የግፊት መለኪያ እንዲያስርና ሞተሩ ሞቆ ሳለ እንዲያነብልህ አድርግ። ብዙ መካኒክ የሚጠቀምበት የቆየ ሚዛን ለየ1000 ዙሩ 0.7 ባር ያህል ነው። 3000 ዙር ላይ 2 ባር እንኳ ካልሞላ መጫኑን ተወውና መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልግ። መኪናዋ ብዙ ዓመት እንድትቆይልህ ከፈለግክ እውነተኛ መለኪያ በቋሚነት አስገጥምላት።

ጠዋት ላይ የምትሰማው ቲክ ቲክ ብዙም አያስፈራኝም። ይህ ሞተር ፑንቴሪያው (ቫልቮቹን የሚገፋው ክፍል) በዘይት ራሱን የሚያስተካክል ነው። ስትቆም ዘይቱ ይወርድና ስትነሳ እስኪሞላ ይንጫጫል። ዘይቱ ከቆየ ወይም ከጎደለ ድምፁ ይረዝማል። ዘይቱን በ5000 ኪሎ ሜትር ወይም በስድስት ወር፣ ቀድሞ በመጣው ቀይር፤ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። መፍራት ያለብህ ሌላ ድምፅ ነው። ከታች የሚመጣ፣ ወፍራም፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚብስና ነዳጅ ስትሰጥ የሚያንኳኳ። እሱ የብሮንዚን ድምፅ ነው። በዚያ ድምፅ ላይ አንድ ኪሎ ሜትርም አትጨምር።

ዘይት መብላቷን ደግሞ በግምት አትተወው። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁማት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ መለኪያ ዘንጉን አውጥተህ ጥረግና መልሰህ አንብብ። ነዳጅ በሞላህ ቁጥር ይህን አድርግ። በ1000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ድረስ ከበላች ለዕድሜዋ ይሁን ልበል። አንድ ሊትር ከሆነ ግን ምክንያቱ ይፈለግ። ጭሱ ራሱ ይነግርሃል። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ወርደህ ነዳጅ ስትሰጥ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ፣ ወይም አድራ ስትነሳ ካጨሰች፣ የቫልቭ ጎሚኖች (የቫልቮቹ የላስቲክ ዘይት ማሸጊያዎች) ደርቀዋል። እየጫንካት እያለ ሳያቋርጥ ካጨሰ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የከበበው የብረት ቀለበት) ነው። በቫልቭ ጎሚን የምትበላ መኪና ዘይቷ እየተሞላ ረጅም ጊዜ ትነዳለች። ፋሻዋ የደከመ መኪና ግን ኮምፕረሽኗ (ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ሳይለካ አትጫን፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ15 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ሞተሩ መከፈት አለበት። እስከዚያው ዘይቱ ከዘንጉ ግማሽ በታች እንዳይወርድ። ጎደሎ ዘይት ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል።

አሁን ኮፈኑን ክፈትልኝ። ፊት ለፊት የራዲያተሩን የላይኛውን የፕላስቲክ ክፍል ተመልከት። አዲስ ሳለ ጥቁር ነው። ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴነት የሚያደላ ቡናማ ከተቀየረ ፕላስቲኩ ደርቋል፤ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። የሚሰነጠቀውም ሞተሩ ሲጫንና ግፊቱ ሲጨምር ነው። ውሃው ካለቀ የአሉሚኒየም ቴስታታው ይጣመማል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሌላ ነው። ቀለሙ ከተቀየረ ነገ ዛሬ ሳትል ራዲያተሩን ቀይር፤ ጎማ ቱቦዎቹንና ቴርሞስታቱንም አብረህ። እስከዚያ ድረስ 6000 ያልኩህን እርሳው።

የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከኮሎው ጋር የሚያስተባብረው የላስቲክ ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ የምታውቀው ነገር አለ? ልኩ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ላስቲክ ግን ቆሞም ያረጃል። ወረቀት ከሌለህ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። የአንተ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተኑ የማይገናኙበት ስለሆነ መንገድ ላይ ያስቀርሃል እንጂ ሞተሩን አይፈጀውም። ፖርሽ 944 ያለው አንባቢ ካለ ግን በዚህ አይጽናና፤ የእሱ ቫልቮች ይጣመማሉ።

ፍሬንና ጎማ ላይ ደግሞ ድርድር የለም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲገባበት ግን የሚፈላበት ሙቀት ወደ 155 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ደጋግመህ ስትይዝ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይገባልሃል። በየሁለት ዓመቱ ቀይረው። የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ አንብብ። በአራት አኃዝ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ 2315 ካለ እ.ኤ.አ. በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ይውጣ። ለእንደዚህ ዓይነት መኪና እኔ ከ6 እና 7 ዓመት በላይ አልጠብቅም። ደርቆ የጠነከረ ጎማ ዝናብ ላይ ሳያስጠነቅቅ ይለቅሃል፤ መኪናህ ደግሞ የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው። ከሥር ያሉት የእግር ላስቲኮችና ቦል ጆይንቶችም በዚያው ይፈተሹ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ዘይቱን ቀይር፣ ግፊቱን አስለካ፣ ራዲያተሩን እይ፣ የጎማውን ቁጥር አንብብ። እነዚህ ደህና ከሆኑ ከዚያ በኋላ እንዳልኩህ ንዳት። እየነዳህ የሙቀት መርፌው ከለመደው ቦታ ትንሽም ከወጣ እግርህን አንሳ፤ የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈትና የምትቆምበት ቦታ ፈልግ። የዘይት መርፌው ኩርባ ላይ ለቅጽበት እንኳ ወደ ታች ከወደቀ ግን ቤት እስክደርስ አትበል። ዳር ያዝ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ዘንጉን አውጣና ዘይቱን እይ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መርፌው ከወደቀ መልሰህ አታስነሳት፤ ተጎትታ ትሂድ።