ያ ልጅ ትክክል ነበር

ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬ ዳዋ ታይዋን ገበያ አጠገብ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለ አንድ የሰፈራችን ልጅ ሳጥን ይዞ መጣ። ቲ-55 የሚባለው የሶቪየት ታንክ ሞዴል ነው፤ ተገጣጥሞ የሚሰራ ፕላስቲክ። «አቦ ጋሼ፣ እስቲ እዩልኝ። ርካሽ ነው። ጎማዎቹ እኩል አልተራራቁም፣ ፋብሪካው አበላሽቶት ነው?» አለኝ።

ወዲያው መመለስ አቃተኝ። ሻዬም ቀዘቀዘ።

በ1994 ዓ.ም. ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ነበርኩ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ታንከኛ ነበሩ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ቲ-55 ነድተዋል። ልጃቸው አስራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ዓመት ሙሉ ሳንቲም አጠራቅሞ ከጅቡቲ በባቡር በሚመላለስ ሰው በኩል የአባቱን ታንክ ሞዴል አስመጣ። ለምሳ ስገባ በር ላይ ጠበቀኝ። ሳጥኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞታል፣ ላቡ ካርቶኑን አርሶታል።

ከፈትኩት። በየክፍሉ ጠርዝ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ትርፍ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል። የመድፉ አፈሙዝ ላይ የፎርማው፣ ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ቅርጽ ማውጫ፣ መጋጠሚያ መስመር ዳር እስከ ዳር ይታያል። ፊቴ ተኮሳተረ። ኪሴ ውስጥ ካሊፐር፣ ሚሊ ሜትር የሚለካ መሣሪያ ነበር፣ ያኔ ከእጄ አይለይም። የጎማዎቹን መቀመጫ ለካሁ። በአንድ ጎን አምስት ናቸው። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ርቀት ከሌሎቹ ይሰፋል። «ተመልከት፣ ይሄ እኩል አይደለም፤ ፎርማው የተበላሸ ነው፣ ገንዘብህን በሉህ» አልኩት።

ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አባቴ የፊተኛው ጎማ ለብቻው ፈንጠር ይላል ብሎኛል» አለኝ።

«አባትህ ነድቶት ይሆናል እንጂ አልለካውም» አልኩት።

ሳጥኑን ዘጋ። አልተከራከረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሞዴል አንስቶልኝ አያውቅም። ሰርቶ ይሁን ጥሎት አላውቅም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ለስራ ወደ ጅጅጋ ስንሄድ ሾፌራችን ከሐረር ከወጣን በኋላ መንገድ ዳር ቆመ። ሜዳው ላይ የዛገ ታንክ ነበር። ቲ-55። ጠጋ ብዬ ጎማዎቹን በስንዝር ለካሁ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ርቀት ይሰፋል። ደግሜ ለካሁ። ቲ-55 ሲሰራ ጀምሮ እንደዚያ ነው። የሱ ተከታይ ቲ-62 ደግሞ ሰፊው ክፍተት ወደ ኋላ ነው፣ ሰው ሁለቱን በዚህ ይለያቸዋል። አባትየው ያውቁ ነበር። ልጁም ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ነበርኩ፣ ካሊፐር ይዤ። ድሬ ስመለስ አባትየው አርፈው፣ ቤተሰቡ ከተማ ቀይሮ ነበር።

እናንተ ልጆች፣ ርካሽ ሞዴል ስታዩ እኔ ያየሁትን አትዩ። ትርፉ ፕላስቲክ በቢላዋ ይነሳል። የመጋጠሚያው መስመር በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል። ፎርማው ሲገፋው የቀረው ክብ ምልክትም፣ ወፍራም ቦታ ላይ ያለው ስርጉድም በስቱኮ ይሞላል። የአንድ ምሽት ስራ ነው። የማይነሳው የቅርጽ ስህተት ነው። የቲ-55 ርዝመት መድፉን ሳይጨምር 6.45 ሜትር ነው። ሳጥኑ ላይ 1/35 ካለ ሞዴሉ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው፤ ለ35 ስታካፍሉት 18.4 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ጎማው ከዳር እስከ ዳር 81 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሞዴሉ ላይ 23 ሚሊ ሜትር ግድም መሆን አለበት። ማስመሪያ አውጡና ለኩ። ግን መጀመሪያ የእውነተኛውን ታንክ ፎቶ እዩ፣ አለዚያ ማስመሪያው እኔን እንዳሳሳተኝ ያሳስታችኋል።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ላይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ «ይሄ ቆሻሻ ነው» ትላላችሁ። ትዕግስት የላችሁም እላለሁ ሁሌም። ያን ቀን ግን ትዕግስት ያጣሁት እኔ ነበርኩ፣ ልጁማ ዓመት ሙሉ ጠብቋል።

በሳጥኑ ስዕልም አትፈዙ። አሮጌ ፎርማ በአዲስ ሳጥን ይሸጣል። ሆዱ ላይ የባትሪና የማብሪያ ማጥፊያ ቀዳዳ ካያችሁ ጠርጥሩ፣ ድሮ በሞተር እንዲሄድ የተሰራ ነው፤ ለባትሪ ቦታ ሲባል አካሉ አለመጠን ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። 1/35 የሚባለው ልኬት ራሱ ከባትሪ ነው የመጣው። የጃፓኑ ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ መጠኑን የወሰነው ሁለት ባትሪ እንዲይዝ ብሎ ነው።

ሰንሰለቱ ለስላሳ ላስቲክ መሰል ከሆነ ደግሞ ፕላስቲኩን ነክቶ ዓመታት ሲቆይ ሊያቀልጠው ይችላል፤ ጎማዎቹን ቀለም ቀብታችሁ ግጠሙት። መስኮት ስር አታስቀምጡ። የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። ባለቤቴ ከሰዓት ግቢውን ውሃ ስትረጭ እንኳ መሬቱ ይተናል፤ አንድ ሞዴሌ ከዚራ ሰፈር ቤታችን መስኮት ላይ ውሎ መድፉ እንደ ሙዝ ጎበጠ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ አቃናሁት።

አንተ የታይዋኑ ልጅ፣ ሳጥኑን እንዳትመልስ። ጎማዎቹ ልክ ናቸው። ትርፉን የምናነሳበት ቢላዋ እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ ፀሐይ በረድ ሲል ይዘኸው ና።