«ልጄ ገመናችንን በማይክ አወራችው»

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እንጀራ ጋግሬ ለሱቅና ለምግብ ቤት እያስረከብኩ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ኪራይ ነው። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ማታ ሊጥ ታቦካልኛለች፣ ጠዋት ከትምህርት በፊት ለደንበኞች ታደርሳለች። አንገቷን የደፋች ጭምት ልጅ ነበረች። ዘንድሮ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ገባች። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰልፍ ላይ የጻፈችውን ነገር አነበበች አሉ። ልብሷ ጭስ ጭስ እንደሚል፣ ልጆች አጠገቧ መቀመጥ እንደማይፈልጉ፣ ኪራይ ሲደርስ እኔ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ፣ አንድም አላስቀረችም። የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማታ «አዋረድሽኝ» ብዬ በጥፊ መታኋት። ከዚያ ወዲህ ከ«እሺ» እና ከ«አላውቅም» በቀር ቃል አይወጣትም። ትበላለች፣ ትማራለች፣ ታግዘኛለች። ግን ዝም ብላለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ያለፈኝን ነገር በሁለተኛው አየሁት። ልጅዎ ያነበበችውን እርስዎ አልሰሙትም። የሰሙት ጎረቤትዎ የነገሩዎትን ነው። ጎረቤት ደግሞ ሲያወራ የሚያስታውሰው የሚያሳፍረውን ነው። ምናልባት በዚያ ወረቀት ላይ ስለ እርስዎ ሌላም የተጻፈ ነገር አለ።

በመጀመሪያ ግን ስለ እርስዎ ፍርሃት ላውራ። ድሃ ዝም የሚለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ለአከራይ መልስ የሰጠ ተከራይ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ይባላል። ችግሩን ያወራ ሰው ከሱቅ ዱቤ ያጣል። እርስዎ ገመናዎን ሸፍነው ነው እስከ ዛሬ የኖሩት፤ ሁለት ልጆችም ያሳደጉት እንዲያ አድርገው ነው። ስለዚህ ልጅዎ ማይክ ይዛ ስትቆም የታየዎት የተገለጠው ጓዳዎ ነው። ይገባኛል።

ለእሷስ ምን ታያት? የ13 ዓመት ልጅ ዓለም ሁሉ እሷን ብቻ የሚያይ ይመስላታል። ዴቪድ ኤልካይንድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 ይህን የአፍላነት ጠባይ በሌለ ተመልካች ፊት እንደመቆም ቆጥሮት ነበር። ፊቷ ላይ አንድ ብጉር ብትወጣ ክፍሉ በሙሉ እሷን ሲያይ የዋለ ይመስላታል። እንግዲህ በዚህ ዕድሜ፣ ያውም ልጆች በሚሸሹት ሽታ፣ ራሷ ወጥታ «አዎ፣ ጭስ ጭስ እላለሁ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያስቡት። እኔ በዚያ ዕድሜዬ አልደፍረውም ነበር። እውነቱን ለመናገር አሁንም እጠራጠራለሁ። ልጆቹ ከኋላዋ ሲሉት የነበረውን እሷ ከፊት ሆና ተናገረችው። ከዚህ በኋላ በሹክሹክታ የሚያወሩት ብዙ ነገር አይተርፋቸውም።

ያ «አላውቅም» የሚለው ቃል ግን ያሳስበኛል። ካሮል ጊሊጋን የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ልጃገረዶችን ለዓመታት እየተከታተለች አነጋግራ ነበር። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሳሉ የመሰላቸውን ፊት ለፊት ይናገሩ የነበሩ ልጆች 12 እና 13 ሲሞላቸው «አላውቅም» ማብዛት ጀመሩ። የሚያውቁትማ አልጠፋቸውም። እውነቱን ከተናገሩ የሚወዱትን ሰው የሚያጡ መስሏቸው ነው። የእርስዎ ልጅ በተቃራኒው በ13 ዓመቷ አፏን ፈታች። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ ተመታች። አሁን «አላውቅም» ስትልዎት ይህን እያሰቡ ይስሟት።

ስለ ጥፊው ሳላለባብስ ልንገርዎት። ስህተት ነው፤ ይቅርታ ይጠይቋት። ቢሮዬ መጥተው «ደግሞ የወለድኳትን ልጅ ይቅርታ ልበላት?» ብለው የሚስቁ እናቶች አሉ። አዎ፣ ይበሏት። ፊት ለፊት አስቀምጠው ግን አይሁን፤ ያ ፍርድ ቤት ይመስላታል። ምጣዱ አጠገብ ሆናችሁ፣ እጃችሁ ሥራ ይዞ እያለ ይሻላል። «ያን ቀን የተቆጣሁት ፈርቼ ነው። መምታቴ ልክ አልነበረም» ይበሏትና እዚያው ላይ ይቁሙ። «አንቺም ብትሆኚ…» የምትለዋን ይተዋት። ይቅርታውን የምታፈርሰው ያቺ ቃል ናት።

ያን ቀን መልስ ላትሰጥዎት ትችላለች። የሦስት ሳምንት ኩርፊያ በአንድ ማታ አያልቅም።

ሲለዝብ ስለ ገመና ተነጋገሩ። ድህነት ገመና አይደለም፤ የሠራችሁት ጥፋት የለም። የቤት ምስጢር ግን አለ። ስንት ብር ዕዳ እንዳለባችሁና ለማን እንደሆነ፣ የአባቷ ጉዳይ፣ እርስዎ በሌሊት የነገሯት ነገር፣ እነዚህን ከመጻፏ በፊት ትጠይቅዎት። ስለ ራሷ ልብስና ስለ ራሷ ሆድ ግን የመናገር መብቱ የእሷ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ሕግ እንኳ ቢጨምሩባት ይከብዳታል።

ጎረቤትዎ እንደገና ካነሱት «ልጄ ጎበዝ አንባቢ ናት አሉኝ» ብለው ይለፉት። ማብራሪያ አያስፈልግም።

አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን ለእሷ ትልቅ ነው። ዩኒፎርሟ የሚሰቀለው ምጣዱ ያለበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ማታ በፌስታል አስረው ያስቀምጡላት፤ ወይ አንዱ ቤት ያሳድሩላት። ጠዋት እንጀራ አድርሳ ስትመለስ ትልበሰው። ደንበኛ የማድረሱን ሥራም በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ሊቀንሱላት ቢችሉ ጥሩ ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንላለን። የእርስዎ ልጅ ያቦካችው እኮ ኪራይ እየከፈለ ነው!

መብላት ካቆመች፣ እንቅልፍ ካጣች፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች ወይም ስለ ሞት ካወራች አይጠብቁ። በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ከጻፉልኝ ነገር እንደተረዳሁት ግን እዚያ የደረሰች አይመስለኝም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ደብተሯ ውስጥ ይኖራል። ሳያስፈቅዱ እንዳይፈልጉት። «እኔ እንደምታውቂው ንባብ ላይ አይደለሁም፤ አንቺው አንብቢልኝ» ይበሏት። እምቢ ካለች በሳምንቱ ደግመው ይጠይቋት። ስታነብ አያርሟት፣ «ይሄን ምን አስወራሽ» አይበሏት። አንድ ሁለት እንጀራ ቢያርርብዎም ግድ የለም፤ እስክትጨርስ አይነሱ።